ያልዋጥሁት ሂስ

ባላበላሸሁት ኮምፒውተር ከሥራ ታግጄ ነበር። ያገደኝ ጎንደር ከተማ ውስጥ በጽዳት ሠራተኛነት የማገለግልበት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው።

ኮምፒውተሩ የመጣልን በሰኔ ነው። ጧት ጧት ሲከፈት አስቀድሞ ቀኑን ይጠይቃል፤ ታይፒስቷ ወሩን፣ ቀኑን፣ ዓመቱን በቁጥር ትጽፍለታለች፣ ከዚያ ይነሳል። ነሐሴ ያለቀ ዕለት አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልሁለት። በማግስቱ አልነሳም አለ። ቀኑን ስትጽፍለት «ቀኑ ልክ አይደለም» እያለ መልሶ ይጠይቃታል። ሁሉም ዞሮ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየ፤ ጳጉሜን አንድ። ቀኑማ ልክ ነው። እንግዲያው ያበደው ማሽኑ፣ ያሳበደው የእኔ ጨርቅ ነው ተባለ።

ነቅለው ሰኩት። ሶኬት ቀየሩለት። ክዳኑን ፈተው እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ አሰጡት፤ ደመና በመጣ ቁጥር ተሯሩጠው ያስገቡታል። ደረቀ፤ ያው ነው።

ስብሰባ ተጠራ። ኃላፊው የተወለድሁበትን ገጠር አንስቶ፣ የመካነ ብርሃኑ ሰው የሕዝብ ንብረት እንደ በቅሎ አጠበ ብሎ አሳቀብኝ። ግለ ሂስ ካደረግሁ በማስጠንቀቂያ ያልፈኛል፤ አለዚያ እታገድና ከበዓል በኋላ እባረራለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው የሒሳብ ሠራተኛ ጎተት አደረገኝ።

«አያ፣ ምናለበት፣ ሂሴን ውጫለሁ በልና ተገላገል።»

ብድግ አልሁ። ፊደል የቆጠርሁት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የስብሰባ ቋንቋ አይሆንልኝም።

«ወልውዬዋለሁ። አላበላሸሁትም። ያልሠራሁትን አልውጥም» ብዬ ተቀመጥሁ።

ታገድሁ። ግን ጧት ጧት እየመጣሁ በሩ ፊት ለፊት ቆምሁ፤ መንገዱ የኃላፊው አይደለም።

እንቁጣጣሽና የአብዮት በዓል አልፈው ቢሮ ሲከፈትም እዚያው ነበርሁ። ታይፒስቷ የመስከረሙን ቀን ጻፈችለት። ተነሳ። ማንም አልጠገነውም። ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየችና ሳቋ መጣ፤ በመስኮት ጠራችኝ።

«አያ፣ የፈረንጅ ወሩ አሥራ ሁለት ብቻ አይደል? አሥራ ሦስተኛ ወር ብለን ስንጽፍለት ከየት ያምጣው? ጳጉሜንን አያውቃትም እኮ።»

ነገሩን ለኃላፊው ነገረችው። እሱም ለብቻዬ ቢሮው አስገብቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሥራህን ቀጥል አለኝ። ይቅርታ የሚባል ነገር አልወጣውም።

«ጓድ፣ በሰው ፊት አግደውኝ በጆሮዬ አይመልሱኝም» አልሁት። መጥረጊያ ሳልነካ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ።

ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ማሽኑን እንዳላበላሸሁና እገዳዬ እንደተነሳ ኃላፊው በገዛ አፉ የተናገረው መስከረም 3 ቀን 1981 ዓ.ም. ነው።