የእናቴ ቅባት፣ የአክስቴ ዓይን

ቅባት ሽታ የለውም ይሉሻል። ውሸት ነው! በቀደም ፋርማሲ ወረፋ ይዤ፣ ከፊቴ የቆመች ሴትዮ ከቲዩብ ጨምቃ ክርኗን ስትቀባ ያ ቫዝሊን ቫዝሊን የሚል ከባድ ጠረን መጥቶ አፍንጫዬ ላይ ተቀመጠ።  ወረፋዬን ጥዬ ወጣሁ።

የቅባቱ ነገር ሲጀመር አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ ሆቴል ውስጥ ልብስ እያጠበች እጇ ተሰነጣጥቆ ይደማ ነበር። ኦክላንድ ክሊኒክ ይዣት የምሄደው እኔ፣ አስተርጓሚዋም እኔ። ሐኪሟ ቲዩቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቀስ ብላ አስረዳች፤ እኔም ሳላጎድል በአማርኛ ነገርኳት። "ይሄ ስቴሮይድ የሚባል ኃይለኛ መድኃኒት ነው። ስስ አድርገሽ፣ እጅሽን ብቻ። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ታቆሚያለሽ። ፊት አይነካም፤ ዓይን አካባቢማ ጭራሽ። ለሌላ ሰው አይሰጥም።" እናቴ "እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" እያለች ራሷን ነቀነቀች። አውቶቡስ ውስጥ ግን ሳቀችብኝ።

"መድኃኒት እንዴት ለሰው አይሰጥም? ወይ የሐኪም ስስታም!"

እውነትም እጇ በሳምንቱ የሕፃን እጅ መሰለ።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። ሳን ሆዜ ትኖርና ከኤርፖርት ሰው ታመላልስ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በራችን ላይ ክላክስ ስታደርግ ጎረቤቱ ሁሉ ይረግማታል። "ነይ ውጪ አንቺ እንቅልፋም!" ስትለኝ በካልሲ እሮጣለሁ። መስኮቱን ሁሉ ከፍታ ወደ ሳን ሆዜ ስንወርድ የባሕሩ ጨው ከጭነት መኪኖች ጭስ ጋር ተደባልቆ ይሸተኛል፤ ፀሐዩ በኮረብታዎቹ በኩል ጉንጯን ያሞቀዋል፤ እሷ መሪውን በአንድ እጇ ይዛ ታንጎራጉራለች። "መሪ ስይዝ አለቃ የለብኝም" ትለኝ ነበር። እንደ እሷ ደስተኛ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

አንድ ቅዳሜ የዓይኗ ቆብ ቀልቶ፣ እያሳከካት መጣች። እናቴ ወዲያው ቲዩቡን አመጣች።

"እማ፣ ኖ! ፊት አይነካም ተብሏል እኮ!"

"ዝም በይ አንቺ፣ ሐኪም ሆንሽብኝ ደግሞ?" አለችኝና በገዛ ጣቷ የእህቷን ዓይን ዙሪያ ቀባች። አክስቴ ዓይኗን ጨፍና፣ አገጯን ቀና አድርጋ እንደ ልጅ ተቀመጠችላት። ሰኞ ዕለት ደወለች። "እትዬ፣ እጅሽ መድኃኒት ነው!" የእናቴን ደስታ ባየሽ!

ሲተውት ይቀላል፣ ያሳክካል፤ ሲደግሙት ይሸሻል። እናቴ እጇ እንደገና ሲሰነጠቅ ሪፊል ብላ አዲስ ቲዩብ ባወጣች ቁጥር ለእህቷ ታስቀምጥላታለች። እኛ ቤት መድኃኒት እንደ በርበሬ ነው፤ ያለው ለሌለው ያካፍላል። በየጊዜው እጮሃለሁ፣ ማን ሊሰማኝ! እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት ነጎዱ፤ እኔም ኮሌጅ ገባሁ።

ከዚያ አክስቴ ከጎኗ መኪና ሲመጣ "ይሄ ደግሞ ከየት በቀለ?" ማለት ጀመረች። መጀመሪያ ሳቅን። አንድ ቀን የቆመ መኪና ጎኑን ልጣ ስትመጣ ሳቁ ቀረ።

የዓይን ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ክፍሉ ድንግዝግዝ ያለ ነበር፤ አንድ ማሽን ጥግ ላይ እንደ ትንኝ ያፏጫል። ሐኪሙ ግላኮማ ነው፣ የዓይኗ ግፊት ጨምሮ ነርቩን ጎድቶታል አለ። የጎን እይታዋ ሄዷል፣ የሄደው አይመለስም፤ የሚያዝላት የዓይን ጠብታ የቀረውን ለማቆየት ነው፣ እሱም ከተሳካ። ቀጥሎ ዓይኗ አካባቢ ስቴሮይድ ትቀባ እንደሆነ ጠየቀ፤ ይሄ ነገር ሲበዛ የዓይንን ግፊት ከፍ ያደርጋል አለ። ተረጎምኩላት። አክስቴ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣

"ከሱቅ ገዝቼ እቀባ ነበር በይው" አለችኝ።

"አክስቴ!"

"በይው አልኩሽ። እትዬ ይሄን ከሰማች ትሞታለች። አደራሽን፣ አደራ!"

ለእናቴም "ዓይኔ ታሟል፣ ቅባቱ ግን በቃኝ፣ ማሳከኩ ድኖልኛል" አለቻት። መኪናዋን ለአንድ ጎረምሳ ሸጠችው። ሲነዳው በሩ ላይ ቆማ፣ ድምፁ እስኪጠፋ አዳመጠች። አንጀቴን በላችው።

ጠብታውም ብዙ አልያዘላትም። አሁን ኦክላንድ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው፤ ከሳሎን ወደ ሻወር ግድግዳ እየዳሰሰች ትሄዳለች። እኔ የዓይን ሐኪሙን "በእርግጥ ከቅባቱ ነው?" እያልኩ ደጋግሜ ጠየቅኩት፤ ሌላ ሐኪምም ጠየቅኩ። መልሱ አንድ ነው፤ ከቅባቱ ነው።

እናቴ ጸበል ታመጣላታለች፣ ታለቅሳለች፣ ስለት ትሳላለች። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አጠገቧ ተቀምጣ፣ "ማነው እንዲህ ያደረገሽ፣ እህቴ? የሰው ዓይን እኮ ነው! ያኔ እየሳቅሽ ስትነጂ ያየችሽ አንዷ ናት፣ እጇ ይሰበር!" አለች።

"እማ..." ብዬ ጀመርኩ።

አክስቴ ቀደመችኝ። አየሩን ዳስሳ የእናቴን እጅ አገኘችና ወደ አፏ ወስዳ ሳመችው።

"አዎ እትዬ፤ የሰው ዓይን ነው። ብቻ አትርገሚያት" አለቻት።