ትርፍ አንጀት ነው በይ

ደረቴን ተሰፍቼ ከሆስፒታል ወደ ቡራዩ የተመለስኩ ዕለት፣ እናቴ ገና ከመኪናው ሳልወርድ አስጠነቀቀችኝ፦ «ለጠየቀሽ ሁሉ ትርፍ አንጀት ነው በይ።»

ከተወለድኩ ጀምሮ የቀኝ ደረቴ ጡንቻ የለም። እኩዮቼ ጡት ሲያወጡ እኔ በግራ ብቻ አወጣሁ። እናቴ በቀሚሶቼ ሁሉ በቀኝ በኩል ስፖንጅ እየሰፋች አሳደገችኝ። እኛ ሰፈር ለትዳር ዘር ይጠየቃል፤ ወሬው ከወጣ ታናሽ እህቴም ባል አታገኝም ብላ ፈራች። ሐኪሞቹ ከጀርባዬ ጡንቻ ወስደው፣ ከሥሩ ሲሊኮን አድርገው፣ የሌለኝን ጡት ሠሩልኝ።

ጠያቂ ጎረፈ። ጀርባዬ እንደ እሳት እየነደደ እኔ ሆዴን ይዤ አቃስታለሁ። አንዷማ ፈስ መውጣቱን ጠየቀችኝ። እናቴ ቀድማኝ «ወጥቷል፣ ተመስገን!» አለች። በፈሴ ያላፈረች ሴት በጡቴ አፈረች።

ሌሎቹ ሲሄዱ በልጅነቴ ያዘሉኝ ጎረቤታችን ቀሩ። ወደ እናቴ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንቺ የከተማውን ሐኪም ታውቂያለሽ። ኢንተላ ኮ፣ የመጨረሻዋ ልጄ፣ አንድ ጡቷ እምቢ አለ። ስፖርት ባለ ቀን ትምህርት ቤት አትሄድም፤ አሁንማ ጭራሽ ላቋርጥ እያለች ነው። ይህስ ሐኪም ይኖረው ይሆን?»

«ኧረ እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼም አላውቅ!» አለች እናቴ። «ጠበል ውሰጃት።»

ደሜ ፈላ። ሆዴን ለቅቄ የሌሊት ልብሴን ቁልፍ ፈታሁ።

«እማማ፣ ይምጡ ይዩ። ሐኪም አለው።»

ሴትየዋ ስፌቱን አዩ፤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። እናቴ ወጥ ያረረባት ይመስል ጓዳ ገባች። እንደዚያ ተቆጥታ አታውቅም፤ «አዋረድሽን» ብላኝ ለሳምንታት ዘጋችኝ። እህቴ ግን ሰበታ በወግ በማዕረግ ተዳረች፤ የኔን ደረት የጠየቀ አንድም ሽማግሌ አልነበረም።

የጎረቤታችን ልጅ ባለፈው ዓመት የኔው ሐኪም ዘንድ ተሠራች። እናቴ ልትጠይቃት ሄዳ ፊቷ በርቶ ተመለሰች።

«አሳየችኝ እኮ! እንዴት አሳምረው እንደሠሯት ብታይ፣ እጃቸው ይባረክ!»

የኔን እስከ ዛሬ አላየችውም።