መስኮት ላይ የዋለው ስፒና

ያቺ መኪና ግቢያችን የገባችው የኋሊት ነው። ባለቤቴ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ከበሩ በግራም በቀኝም አንድ ጣት ብቻ እያስቀረ ሲያስገባት የሞተር ድምፅ አልነበራትም። ጎማዋ ሥር የሚፈጨው ጠጠር ብቻ ነበር የሚሰማው። ሱዳናዊቷ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «እየገፋችኋት ነው እንዴ?» አለችኝ።

«አይ፣ በመብራት ነው የምትሄደው» አልኳት።

«በየትኛው መብራት?» አለችና ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ከጦርነቱ በኋላ እኛ በምንኖርበት በሐጅ ዩሱፍ መብራት ሲመጣ እልል ይባልለታል፤ ሲሄድ ማንም ዞሮ አያየውም። የገበያው መስመር መዳቡ ተነቅሎ ተወስዶ ባዶ ምሰሶው ቀርቷል። የእኛ ሰፈር ግን ከጤና ጣቢያው ጋር በአንድ መስመር ላይ ስለሆነ ቀድሞ ተጠግኖ ነበር። መኪናዋ ወደ እኛ የመጣችው ለዚህ ነው፤ ከሙከራው በፊት ቻርጅ እንድታደርግ።

የመኪናዋ ባለቤት ገበያ ውስጥ የመኪና ዕቃ የሚሸጥ ሱዳናዊ ነጋዴ ነው። ስሙን ማንም ያልሰማው አዲስ ፋብሪካ ለሙከራ አንዲት ልኮለት ነበር። ሱዳኖች ቦክሲ የሚሏት ዓይነት ናት፤ ከፊት ሰው፣ ከኋላ ዕቃ የምትጭን። ባለቤቴ ዐሥራ ሰባት ዓመት ቦክሲ ነድቷል። የራሱን በጦርነቱ ጊዜ የታጠቁ ሰዎች ከመንገድ ወሰዱበት። ሁለተኛው ቁልፏ ዛሬም በራችን ላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ አውርደው ብዬው አላውቅም። ነጋዴው፣ «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ጭነት ይዛ ከድልድዩ ማዶ ሶባ ደርሳ ከተመለሰች ዐሥር አስመጣለሁ፤ አንተ የሾፌሮቹ አለቃ ትሆናለህ» ብሎት ነበር። ያን ቀን ቤት ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ነው የነገረኝ።

እኔ በዚያች መኪና ላይ ያየሁት ልጄን ነው። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ስድስተኛ ክፍል ነበረች፤ አሁን ትምህርት ቤቱ ተከፍቷል፣ እሷ ግን ቤት ነች። እንደኔው ከወሎ የመጣች አንዲት ደላላ ደግሞ ሁለት ጊዜ መጥታ ነበር። «ዐማራት፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ ሰዎቹ እየተመለሱ ነው። ቤታቸውን የሚያጸዳ ልጅ ይፈልጋሉ። ልጅሽ ደርሳለች እኮ» አለችኝ።

«ገና ናት» አልኳት።

«አንቺ ስትመጪ ስንት ዓመትሽ ነበር?»

ይህ የመኪናው ነገር እስኪለይለት ታገሺኝ አልኳት። ሥራው ከሆነ ልጄ ትምህርት ቤት፣ ካልሆነ ሰው ቤት። በቤታችን ይህን አፍ አውጥቶ የተናገረ የለም፤ ሦስታችንም ግን እናውቀው ነበር።

እኔ ዐማራት አንድ ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። በገባሁ በሁለተኛው ወር መብራት ሄዶ ድንገት ሲመለስ በኃይል ስለመጣ የእመቤቴ ፍሪጅ ተቃጠለ። ስፒናውን መንቀል እንዳለብኝ የነገረኝ አልነበረም። አላባረረችኝም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግን ሻይ ይዤ ስገባ በአገጯ ታሳያቸዋለች፤ «ፍሪጄን ያቃጠለችው ይህች ናት» ትላለች። ስድስት ዓመት ሙሉ። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲሄድ እጄ ራሱ ይነቅላል። ሲመለስም ቶሎ አልሰካም። አምፖሉን አያለሁ፤ ከቀላ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ እጠብቃለሁ። ልጄንም እንዲሁ አስተምሬያታለሁ።

የሙከራው ዋዜማ ጠዋት መብራት ነበር። ባለቤቴ ገመዱን በመስኮት አስገብቶ ስፒናውን ሰካ፤ መኪናዋ ላይ አረንጓዴ መብራት በራ። በየኬላው የሚያሳልፈውን ወረቀት፣ ተስሪሑን፣ ለማውጣት ከነጋዴው ጋር መሄድ ነበረበት። ሲወጣ፣ «አደራ፣ ተጠንቀቂልኝ» አለኝ።

ተጠነቀቅሁ። ገመዱን ፍየል እንዳይበላው በጆንያ ሸፈንኩት። ከሄደ ብዙም ሳይቆይ መብራት ሄደ። ሮጬ ነቀልኩና ስፒናውን በጨርቅ ጠቅልዬ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መብራቱ ሲመለስ አምፖሉ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ዓይን እስኪያም ነጣ። ከጎረቤቴ ቤት ጧ የሚል ድምፅ መጣ፤ ማራገቢያዋ ነደደ። በአጥሩ ላይ ሆና፣ «አንቺ ነቅለሻል?» አለችኝ። «ነቅያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ» አልኳት። «አንቺማ ብልህ ነሽ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ እንዴት ልስካው? አምፖሉ ረግቶ ነበር፤ እኔ ግን አላመንኩትም። ያ ሁሉ ተስፋችን ከአንድ ቀጭን ገመድ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እኔ በእጄ ላቃጥለው? ቀትር ሆነ። የአሱር ሶላት ሰዓት ሆነ። ልጄ፣ «ዩማ፣ ኻላስ፣ ይበቃል፣ መብራቱ ደህና ነው እኮ» አለችኝ። ቆይ አልኳት። በመጨረሻ ቢስሚላህ ብዬ ሰካሁት፤ አረንጓዴው በራ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው መብራቱ ሄደ፤ ከዚያ አልተመለሰም።

ባለቤቴ በመግሪብ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ መጣ። መኪናዋ ውስጥ ገብቶ የምታሳየውን ቁጥር አየ።

«መብራት ነበር ዛሬ?» አለኝ።

«ነበር።»

«ስሄድ ከመቶ ሃያ አራት ነበረች። አሁን ሠላሳ አንድ። ቀኑን ሙሉ ጠጥታ ሰባት ብቻ?»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። «ፍሪጄን ያቃጠለችው ይህች ናት» የሚለው ድምፅ መጣብኝ። እሱም ፊቱ ደክሟል። «ይበቃታል» አለ ለራሱ። «አንድ ጊዜ ከሞላች ሶባን ሦስቴ ትመላለሳለች ብሏል። ሲሶው አንዴ ያደርሰናል፣ ኢንሻአላህ።» እኔ ራቱን አቀረብኩ።

በነጋታው ጠዋት ነጋዴው ሦስት በርሜል ውሃ ጭኖባት መጣና፣ «ሐጃ፣ አንቺም ልጅሽም ግቡ። ሰውም ጭነት ነው» አለ። እሱ ከባለቤቴ አጠገብ፣ እኔና ልጄ ከኋላቸው ተቀመጥን። ወንበሩ ላይ ያለው ላስቲክ ገና አልተላጠም ነበር፤ ስንንቀሳቀስ ይንኮሻኮሻል። መሪው አጠገብ ያለው የሚያበራ መስታወት ላይ የቻይና ጽሕፈት ሞልቷል፤ እኛ የምንለየው ቁጥሩን ብቻ ነው። ልጄ አንገቷን አስግጋ ታነበዋለች።

«ሠላሳ» አለች ከሰፈራችን ሳንወጣ።

ባለቤቴ ደስ ብሎት ነበር። ብዙ ጊዜ ያላየሁት ደስታ ነው። መሪውን በሁለት ጣት ይዞ፣ «እንደ ቅቤ ነው የምትሄደው» አለኝ በአማርኛ። ነጋዴው ማቀዝቀዣውን ከፈተ። ባለቤቴ ኃይል እንዳይበላ ብሎ ሊዘጋው ሲል እጁን ያዘው፤ «የሚገዛት ሰው በዚህ ሙቀት ዘግቶ ይሄዳል? ሁሉንም እንሞክር።»

ኬላው ላይ አንድ ወታደር አስቆመን።

«ሞተሩን አጥፋ» አለው።

«ጠፍቷል፤ ይኸው አይሰማም» አለ ባለቤቴ።

«ታዲያ ስትመጣም አይሰማም ነበር። በምን መጣህ?»

ክዳኑ ይከፈት አለ። ተከፈተ። ከሥሩ ያለው ትንሽ ሳጥንና ገመድ ብቻ ነው። ወታደሩ ጓደኛውን ጠራውና፣ «ና እይ፣ የዚህኛውን ሞተሩን ሰርቀውት አልሰማም» አለው። ሁሉም ሳቁ። ነጋዴው ከሁሉም በላይ ሳቀ። ልጄም ሳቀች። እኔ ግን በዚያ ቆመን ማቀዝቀዣው ሲሠራ ቁጥሩ ከሃያ አራት ወደ ሃያ ሦስት ሲወርድ አየሁ።

የሶባን ድልድይ ተሻግረን መድረሻችን፣ የሶባ ሆስፒታል በር ላይ ስንደርስ ዐሥራ አራት ነበር። ባለቤቴ ውሃውን እዚሁ አራግፈን እንመለስ ብሎ ለመነ። ነጋዴው፣ «ከነጭነቷ ትመለሳለች ነው ያልኩት» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም። ቃሉን የሚለካ ሰው ነው።

ከዚያ ወዲያ ልጄ ቁጥሩን ጮክ ብላ ማንበብ ተወች። ድልድዩን ስንወጣ መኪናዋ ቀስ እያለች ሄደች። አንድ ባለ አህያ ጋሪ ደርሶብን አለፈን፤ ሲያልፈን ዞሮ፣ «ገመድ አለኝ፣ አህያዬ ትጎትታችሁ?» አለ። ነጋዴው መስኮቱን ዘጋ። ድልድዩን ወረድን፤ ጥቂት ሄድን፤ መስታወቱ ላይ ቀይ ነገር በራና መኪናዋ እንደመጣችው ያለ ድምፅ ቆመች። ማቀዝቀዣውም ጠፋ። ሙቀቱ ወዲያው ገባ።

ወርደን በጥላዋ ሥር ቆምን። ነጋዴው ላቡን እየጠረገ ባለቤቴን ጠየቀው፤ «እውነቱን ንገረኝ። ትናንት ምን ያህል ጠጣች?»

«ከጠዋት እስከ መግሪብ፤ ወላሂ። እኔ ካንተ ጋር ነበርኩ፤ እሷ ግን ቤት ነበረች።»

ወደ እኔ ዞሩ። ልጄም አየችኝ። እሷ ስፒናው የት እንደዋለ ታውቃለች። እኔ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ልጄ ዓይኗን ወደ መሬት አወረደች።

ነጋዴው የመኪናዋን ጎን በመዳፉ መታ አደረገ። «ቀኑን ሙሉ ጠጥታ ሶባን አንዴ ካልተመለሰች፣ ግመል ብለው ፍየል ልከውልኛል» አለ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለፋብሪካው ሰዎች በድምፅ መልእክት ላከ፤ ከእንግዲህ አንድም እንዳይልኩ። እዚያው ፊታችን ነው የላከው። አንድ የጭነት መኪና በገመድ ጎተተን። ባለቤቴ እስከ ሐጅ ዩሱፍ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ተጎተተ።

ሁለት ቀን ቆይቼ ነገርኩት። እህል ስለቅም ነበር፤ ከሰፌዱ ቀና ሳልል ነው የነገርኩት።

«እኔ እኮ ወላሂ ብዬ ማልኩ» አለኝ። «ባንቺ ተማምኜ ማልኩ።» አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

በነጋታው ወደ ነጋዴው ሄዶ እንዳለ ነገረው። ሰውዬው ትከሻውን ቸብ አድርጎ፣ «ያ ዞል፣ ሥራ የቸገረው ሰው ሚስቱን ይከሳል። ነውር ነው፣ ተው» ብሎ መለሰው። እውነቱን የተናገርኩበት ቀን ማንም የማያምንበት ቀን ሆነ። ባለቤቴ አሁን ገበያ ውስጥ ጆንያ ይሸከማል፤ ጀርባው ሲያመው አያወራም።

መኪናዋን ነጋዴው ጎማዋን ፈትቶ በብሎኬት ላይ አቆማት። ያቆማት ደግሞ እኛ ውሃ የምንቀዳበት ጉድጓድ አጠገብ ነው። ከጎኗ ሶኬት አላት፤ የውሃውን ፓምፕ እሷ ላይ ሰኩት። ከላይ የፀሐይ ብርሃን የሚስብ ሰሌዳ ተሠራላት፤ ማንም አይነቅላትም፣ ቀኑን ሙሉ ትጠጣለች። አንድ ቀን ጄሪካኔን ይዤ ስሰለፍ ከፊቴ ያለችው ሴት፣ «ይህች ባትሪ ከመጣች ወዲህ ውሃ ቆሞ አያውቅም። ጠንካራ ናት፣ ማሻአላህ» አለች። ውሃው በኃይል እየወረደ ጄሪካኑን ወዲያው ሞላው። ጠንካራ ነበረች። ሞልታ ቢሆን ሦስቴም ሶባ ትመላለስ ነበር። ይህን ለባለቤቴ አልነገርኩትም፤ እሱም ከዚያው ውሃ ነው የሚጠጣው፣ ያውቃል።

ደላላዋ ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ታገሺኝ የምልበት ነገር አልነበረኝም። ልጄ ልብሷን በአንድ ፌስታል አደረገች። ደብተሯን ልትጨምር አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። እኔ ምክር ጀመርኩ። የሰጡሽን ብቻ ብዪ፤ በርሽን ቆልፈሽ ተኚ፤ የቤቱ ወንድ ብቻውን ሲሆን ወጥ ቤት አትቆዪ። ሁሉንም እሺ ትላለች። የቀረኝ አንድ ምክር ነበር። እናቴ አላስተማረችኝም ነበር፤ ባላውቀው ፍሪጅ ተቃጠለብኝ። ባውቀው ደግሞ ይኸው።

ልጄ ፌስታሏን አነሳች።

«አውቃለሁ፣ ዩማ» አለችኝ። «መብራት ሲሄድ እነቅላለሁ።»

ደላላዋ ውጭ ባለ ሦስት ጎማ ሪክሻ አስቁማ፣ «ያላ፣ እንሂድ፣ መሽቶብን ኬላው ሳይዘጋ» እያለች ትጣራ ነበር። ልጄ ስትወጣ አላለቀስኩም። ጄሪካኑ ባዶ ነበር፤ አንስቼ ወደ ጉድጓዱ ሄድኩ።