የወንድሜ የክንድ ናስ

በሃምሳዎቹ ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጅ የጠና ሰው ሁሉ ሳያውቀው የእኔን እጅ አይቷል። በየሹሙ በር ላይ የተመታውን የናስ ሰሌዳ፣ በየወረቀቱ ግርጌ የሚያርፈውን ማኅተም፣ የተላላኪውን የደረት ቁጥር ሳይቀር የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። አንድ የውጭ አገር ሰው ሲሠራ በመስኮት እያየሁ፣ መቅረጫዬን ከተሰበረ ሞረድ ስዬ ራሴን አስተማርኩ። የማኅተም ፊደል ተገልብጦ ነው የሚቀረጸው፤ ሌሎች መስታወት አቁመው ሲታገሉ እኔ በቀጥታ ብረቱ ላይ እጽፈው ነበር። እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ታላቅ ወንድሜ እንጦጦ ላይ የደን ዘበኛ ነበር። ዘበኞቹ ሁሉ በግራ ክንዳቸው ላይ ናስ ያስራሉ፤ ከላይ አንበሳ፣ ከሥሩ የግእዝ ቁጥር። የሱን የቀረጽኩለት ገና ሥራ በያዝኩበት ሰሞን ነው።

«ይሄ አንበሳ ነው ወይስ የጎረቤት ውሻ?» አለኝ ሲቀበለኝ።

«አንተ ባሕር ዛፍህን ጠብቅ፤ የአንበሳውን ነገር ለኔ ተወው።»

እየሳቀ አሰረው።

አንድ ክረምት የሳንባ ምች ያዘውና አልተነሣም። እዚያው እንጦጦ ማርያም ቀበርነው። በኛ ዘንድ ለቅሶ ላይ የሟች ዕቃ ይወጣል፤ ጠመንጃው፣ ልብሱ ከፍ ተደርጎ ይለቀሳል። ጠመንጃውን የመንግሥት ነው ብለው በሞተበት ዕለት ወስደውታል። እናታችን ከካራ መጥታ የክንዱን ናስ ከልብሱ እጅጌ ላይ ፈታች፤ እሱን ከፍ አድርጋ አለቀሰች። ለቅሶው ሲያበቃ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው።

የዘበኞቹ አለቃ ሲጠይቃት «ጠፍቷል» አለችው። እኔን ግን አልደበቀችኝም።

«ይሄ ቁጥር የልጄ ነው። ከሰጠኋቸው ነገ ለሌላ ሰው ያስሩታል። በልጄ ቦታ ሰው ቆሞ አላይም።»

«እሺ እምዬ» አልኳት።

እናቴ ማንበብ አትችልም። የዚያን ቁጥር መልክ ግን በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች ለይታ አውቃው ነበር። ናሱን ከያዘች ቁጥሩንም የያዘች መስሏታል።

ትንሽ ቆይቶ አለቃው ወደ ሥራ ጠረጴዛዬ መጣ።

«የጠፋውን ቁጥር እንደገና ቅረጽ፤ አዲስ ዘበኛ ቀጥረናል።»

«ጌታዬ፣ ሌላ ቁጥር ቢሰጡትስ? የወንድሜ እኮ ነበር።»

«ቁጥሩ የቦታው ነው እንጂ የወንድምህ አይደለም። ያ ሸንተረር ያለ ዘበኛ ይቅር ነው የምትለኝ?»

ቀረጽኩት። አበላሽቼ መስጠት እችል ነበር የሚል ይኖራል፤ የኔ እጅ ማበላሸት አያውቅም። እንዲያውም ከዚያ በፊት እንደሱ ያማረ የክንድ ናስ ወጥቶልኝ አያውቅም። የአንበሳው ጋማ ነፋስ የነካው ይመስል ነበር።

የሙት ዓመቱ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከዘመድ ጋር ተቀምጠን ሳለ አዲሱ ዘበኛ መጣ። የቀድሞው ዘበኛ ሙት ዓመት ነው ሲሉት ሰምቶ ነው፤ ጨዋ ሰው ነበር። «እግዜር ያጽናዎት፣ እማማ» ብሎ ጎንበስ ሲል ክንዱ ፊቷ ላይ መጣ።

እናቴ ክንዱን ያዘችው። ቁጥሩን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፤ ቀጥላ አንበሳውን ትክ ብላ አየች።

«ማነው የሠራልህ?»

«እንጃ እማማ፤ ከመሥሪያ ቤት ነው የሰጡኝ።»

ወደኔ ዞረች። ሥራዬ ከሩቅ ይታወቃል እያልኩ ስኮራ ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን ባይታወቅ በወደድኩ።

«ለወንድምህ እንዲህ አላሳመርክለትም» አለችኝ።

ዘበኛውን አጠገቧ አስቀምጣ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችው። «ብላ ልጄ፤ የዚህ ጋራ ብርድ ክፉ ነው» አለችው። ከዚያ ጉያዋ ውስጥ እጇን ከትታ የወንድሜን ናስ አወጣችና መዳፌ ላይ አኖረችው። ከገላዋ የወጣ ነውና ይሞቃል።

«መልስላቸው። ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል? ሰውየው ቆሟል።»

መለስኩላቸው። አለቃው አንድ ቁጥር በሁለት ናስ ላይ አይኖርም አለና እንዲፋቅ አዘዘ። የሌላ ሰው እጅ እንዲነካው አልፈለግሁም፤ ሞርሳው ላይ አስሬ ሞረዱን ራሴ ያዝኩ። አንበሳው ቶሎ ጠፋ። ቁጥሩን ግን ያኔ እጄ ገና ሳይለሰልስ አጥልቄ ስለቀረጽኩት፣ ናሱ ሳስቶ እስኪጎብጥ ድረስ አልለቅ አለኝ።