ውሻውን የሰጠ ሰው

በአርጀንቲናዋ ጎያ ከተማ ኒካሲዮን የማያውቅ የለም፤ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከእንግሊዝ ጋር ወደተዋጋንባቸው ማልቪናስ ደሴቶች ዘምቶ፣ ሁለት የእግሩን ጣቶች ብርድ በልቶበት ተመለሰ። አብረውት ከዘመቱት የሰፈራችን ልጆች ሦስቱ ከጦርነቱ በኋላ ራሳቸውን አጠፉ። በሦስተኛው ቀብር ላይ ኒካሲዮ፣ «እኛ የምንገናኘው ለቀብር ብቻ ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ የዘመቻ ጓደኞቹን እየዞረ ይጠይቃል። «ደግሞ መጣ!» ቢሉትም የማቴ ሻዩን ሳይጠጣ ንቅንቅ አይልም።

አንድ ጠዋት ሱቁ ሄድኩና፣ «ዕድሌን እየው! ፌርሚን የአደን ውሻውን እንዲያው በነፃ ሰጠኝ» አልኩት።

ፌርሚን በጦርነቱ ከኒካሲዮ ጋር በአንድ ምሽግ የከረመ ዓሣ አጥማጅ ነው። ከዚያች ውሻ ተለይቶ አያውቅም። ኒካሲዮ መፍቻውን ወረወረው።

«ምን ብሎ ሰጠህ?»

«‹አደራህን፣ የዶሮ ጉበት ትወዳለች› ብሎ።»

«አንተ ጅል! ተነስ!»

ስንደርስ ፌርሚን ጢሙን ተላጭቶ፣ ቤቱን ጠራርጎ ተቀምጧል። ኒካሲዮ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም።

«ፌርሚን፣ ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?»

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፌርሚን ግን፣ «እንዴት አወቅህ?» አለ። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከጦርነቱ ወዲህ በሃያ ዓመት እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

የአደን ጠመንጃውን እኔ ይዤ ወጣሁ። ኒካሲዮ ሐኪም ዘንድ ወሰደው፤ ከሐኪሟ ጋር ተነጋግሮ እስኪወጣም ደጅ ቁጭ ብሎ ጠበቀው። ከዚያ ቤቱ አስገብቶ አንድ ወር አስቀመጠው። የኒካሲዮ ሚስት ዴሊያ የፌርሚንን ሳህን እየሞላች፣ «ሁለት የሚያንኮራፉ ወታደሮች! አሁን ሐኪም የሚያስፈልገው ለኔ ነው» ትላለች። ፌርሚን መሳቅ የጀመረው እዚያ ማዕድ ላይ ነው። ውሻዋንም መለስኩለት፤ እውነቱን ለመናገር ቅር እያለኝ።

በአንድ ቀን አልዳነም። ክፉ ቀን ሲመጣበት ግን ራሱ ይደውላል፤ ሐኪሟም ጋ ይመላለሳል።

ባለፈው ጥቅምት ፌርሚን ዳቦ ጋጋሪዋን ኤርሜሊንዳን አገባ። አኮርዲዮኑ የአገራችንን ጭፈራ ቻማሜን ሲጀምር ሙሽራዋን ጎትቶ መሐል ገባ።

«አንተ ሰው፣ እግሬን ረገጥከኝ እኮ!»

«ገና ምን አይተሽ!»

ፀሐይ እስክትገባ ጨፈርን። ሴቶቹ ደከሙ፤ ዘማቾቹ አልደከሙም።