ከወፍጮው በላይ

የአባቴ ወፍጮ ቤት ቡታጅራ፣ ከገበያው ጀርባ ነበር። አረፋ ሲቃረብ መርካቶ የከተመው የመስቃን ሰው ሁሉ ለበዓሉ አገሩ ይገባል፤ ስለዚህ ሴቶቹ በርበሬያቸውን ይዘው ከጠዋት ይሰለፋሉ። አባቴ ይፈጫል፣ እኔ እየመዘንኩ እቀበላለሁ። አባቴን ጆሮው ከከዳው ቆይቷል። ደንበኛ ስታናግረው ከንፈር ከንፈሯን ያያል፤ ድንጋዩ ባዶውን መዞሩንም የሚያውቀው መዳፉን ወፍጮው ላይ አሳርፎ ነው። እኛ እርጅና ነው ብለን ትተነዋል።

አንድ ዓመት መርካቶ የሚነግደው ወንድሜ ከበዓሉ ሳምንት ቀድሞ ሲገባ ስልክ ከነኤርፎኑ አመጣልኝ። እኔ ብልጧ፣ የወፍጮውን ጩኸት በዘፈን እደፍነዋለሁ አልኩ። ዘፈኑ ከወፍጮው በልጦ እንዲሰማኝ ግን ድምፁን እስከ መጨረሻው መልቀቅ ነበረብኝ። ለቀቅኩታ! ሳምንቱን ሙሉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ። ሴቶቹ ጠርተውኝ አልሰማ ስል ይቆጣሉ፤ እኔ እስቃለሁ፣ ጆሮዬን ያዳንኩ መስሎኝ።

የአረፋ ዋዜማ መብራት ጠፋና ወፍጮው ቆመ። ኤርፎኑን ነቀልኩት። አንዲት ሴትዮ ፊቴ ቆማ አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ጆሮዬ ውስጥ ያለው ቀጭን ፉጨት ብቻ ነው። ጣቴን ከትቼ አነቃነቅኩ፣ ምራቄን ዋጥኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። ከንፈር ከንፈሯን እያየሁ መሆኔን ሳውቅ ደግሞ ባሰብኝ።

ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። ነርሷ ጆሮዬን በባትሪ አይታ ቆሻሻ የለውም አለች። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ ጮክ ብላ አስረዳችኝ። ኤርፎኑ ጩኸቱን አልከለከለልኝም፣ በጩኸት ላይ ጩኸት ነው የጨመርኩበት። ድምፁን ከግማሽ እንዳላሳልፍ፣ ቶሎ ቶሎ እያወጣሁ ጆሮዬን እንዳሳርፍ፣ ወፍጮ ቤት ውስጥ ጭራሽ እንዳልሰካው፣ ይልቅ የጆሮ መድፈኛ እንድፈልግ ነገረችኝ። ይመለስልኝ እንደሆነ ስጠይቃት ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ እንጠብቅ አለች።

ከበዓሉ በኋላ የሰው ድምፅ እየጠራልኝ መጣ። ፉጨቱ አልሄደም። ጠዋት አዛኑ ሲሰማኝ አልሐምዱሊላህ እላለሁ፤ ወዲያው ነገ ባልሰማውስ እያልኩ እሸበራለሁ። አላስችል ሲለኝ ለአባቴ ነገርኩት፣ ከንፈሬን እንዲያየው ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ ቀስ ብዬ። ወፍጮውን አጠፋና መዳፉን ከላዩ አነሳ።

«እኔንም በፉጨት ነው የጀመረኝ» አለ።

ሴቶቹ ተራ እየጠበቁ ነበር። እኔ ከወፍጮ ቤቱ እስክወጣ ድረስ ግን ወፍጮውን አላስነሳም።