የእማማ አፍንጫ ጣውንት

ፕላስቲክ አቅልጦ እንደገና በሚሠራው ፋብሪካ ውስጥ አንዲትን አንጋፋ ሠራተኛ «እማማ አፍንጫ» ይሏቸው ነበር፤ የፕላስቲኩን ስባሪ ጫፍ በክብሪት ለኩሰው፣ ጭሱን ብቻ አሽትተው፣ ዓይነቱን ለይተው ወደየትኛው ክምር እንደሚጨመር ይናገሩ ነበርና። ዘመን ሙሉ ሁሉም እሳቸውን ሲጠይቅ ኖሮ፣ አንድ ቀን ፕላስቲክን በብርሃን የምትለይ ማሽን መጣችና ሰዉ ሁሉ እሷን ከበበ። የእማማ አንጀት በቅናት አረረ።

«ጣውንት መጣችብዎ!» ሲል ቀለደባቸው የማሽኗ ኦፕሬተር።

«ዝም በል! እሷ እቴ፣ አፍንጫ እንኳ የላት!»

በሳምንቱ ማሽኗ ጥቁር ጥቁሩን ክዳን መለየት አቅቷት ከጥራጊ ጋር ትጥለው ጀመር። ኦፕሬተሩ አንድ እፍኝ ክዳን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ።

«እማማ፣ ጥቁር ነገር አይታያትም። እባክዎ ይርዱን።»

እማማ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ።

«መጀመሪያ እሷን አጥፋልኝ» አሉ፤ «ሙያዬን አላስኮርጃትም!»